ሙዚየም የገባው ማጭድ

ሞኝነቴን ራሴው ልናገር፤ ሌላ ሰው ካወራው ያጣፍጠዋል። የቅርስ ኮሚቴ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ሰው አንዴ ከተመረጠ ዝገት ሁሉ ታሪክ ይመስለዋል። እኔም ገንዳ ውሃ ከተማ ለተከፈተችው ሙዚየማችን ጓዳዬ ውስጥ ያገኘሁትን ዝገታም ማጭድ ወስጄ፣ "የአባቶቻችን ማጭድ" ብዬ መስታወት ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሰሊጥ ሲደርስ፣ አምና እኔ ቤት ያረፈው የጎጃሙ አጫጅ ጥላሁን መጣ።

"ጋሼ፣ አደራ የሰጠሁዎት ማጭድ የታለ? ነገ አጨዳ እገባለሁ።"

"አሁን እኮ ቅርስ ሆኗል" አልኩት።

"እኔ ሳልሞት?"

ግራ ገባኝ። ባለቤቱ በሕይወት ያለ ቅርስ ምን ይባላል? መስታወቱን ከፍቼ ሰጠሁት። "ቦታው ባዶ ሊቀር ነው" ብዬ ሳዝን፣ ማጭዱን እየሳለ፣ "ምን ችግር አለው ጋሼ፣ አንቱ ይግቡበታ" አለኝ።