የጋሽ ሙሉነህ ሁለተኛ ዓይን

ሐበሻ ባለበት ሠፈር ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። የእኛ ሠፈር፣ የሴንት ጄምስ ታውን፣ ክቡር ጠቅላይ አራሚ ጋሽ ሙሉነህ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። «ቆይ፣ እንደሱ አይደለም» ካሉ ሊፍት ጠጋኙ መፍቻውን ያስቀምጣል፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ከደንበኛው ራስ ላይ ያነሳል። የአውቶቡስ ሹፌር በገዛ መስመሩ ላይ አርመው ያውቃሉ። ቄሱን እንኳ በር ላይ ጠብቀው የጠቀሱትን ምዕራፍ አስተካክለውላቸዋል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2009፣ በዚያ በረዶ፣ ከሥራ ተቀንሼ ቤቴን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ጋሽ ሙሉነህ አንኳኩ። መጀመሪያ አተኛኘቴን አረሙ፤ ከዚያ ጃኬቴን አልብሰው ኮሚዩኒቲ ሴንተር የቻይና ሥዕል ትምህርት ወሰዱኝ። ነፃ ነው፣ ሙቀትም አለው አሉ።

አስተማሪያችን ሚስ ዌን ዝምተኛ ሴትዮ ናቸው። ተራራና ቀርከሃ አይስሉም፤ ሰው ነው የሚስሉት፣ ያውም የእኛኑ ሕንፃ ሰው፦ ሊፍት የሚጠብቀውን፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የሚያንቀላፋውን። ጥቁሩን ቀለም በውሃ እያቀጠኑ ብሩሹን ስስ ወረቀት ላይ አንዴ ያሳርፉታል፤ ወረቀቱም ወዲያው ይጠጣዋል። መፋቅ የለ፣ መደለዝ የለ። ጋሽ ሙሉነህ ይህን ሲሰሙ የምር አዘኑ።

የሴትዮዋን የብሩሽ አያያዝ ማረሙን ግን አልተዉም። ሚስ ዌን ብዙ ታገሱና አንድ ቀን ወንበር ስበው፣ ዛሬ እርስዎን ልሳል፣ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ አሏቸው። ጋሽ ሙሉነህ ክራቫታቸውን አጠበቁ። ሥዕሉ ቅዳሜ ኤግዚቢሽን ላይ እንደሚሰቀል ሲሰሙማ ግማሹን ምዕመን ደውለው ጋበዙ።

ሥዕሉ አልቆ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። ግንባሩም ጢሙም ቁርጥ እሳቸውን ነው። ግን ወደ ጎን ዞረዋል፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል ያየ ያውቃል፦ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ይሁዳና ሰይጣን በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን ናቸው።

«ያን ሁሉ ሰው ኮል አድርጌ ጠርቼ ከይሁዳ ጎራ ሊያየኝ ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አንድ ዓይን ትጨምርልኝ በላት።»

ጠየቅኩላቸው። ሚስ ዌን ወረቀቱ እርማት እንደማይቀበል ነገሩኝና፣ «ደግሞስ እኔን መቼ አዩኝ? ሰዓቱን ሙሉ ወደ አንተ ዞረው ነበር» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ሙሉነህ አጠገብ ተቀምጬ የብሩሽ አያያዜን፣ አቀማመጤን፣ ቁርስ ሳልበላ መምጣቴን ሲያርሙልኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ወር ዞር ብሎ ያየኝ ሰው እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እኔ ከተቀመጥኩበት ሁለቱም ይታዩ ነበር።»

ሥዕሉን ብዙ አዩት። ከዚያ እንዳለ ይሰቀል ብለው ፈቀዱ፤ ግን እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ሌላኛው ዓይን የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ እንዳስረዳ አዘዙኝ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቆምኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ለሁሉም ነገርኳቸው።