የጠፈርተኞቹ የክርስትና ስም

ለማያውቀው ሰው ሲጨነቅ የሚውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የፋብሪካችን መጋዘን ኃላፊ ጋሽ ባዬ፣ ሶቭየቶች ሁለት ሰው ወደ ጠፈር የላኩ ጊዜ ሬዲዮ ታቅፈው ከረሙ።

«አየሩ ቢያልቅባቸውስ? ሲወርዱ እሳት ቢበላቸውስ?» እያሉ ሥራ አስፈቱን። ካድሬያችንማ «ይህ ነው ወዛደራዊ ዓለም አቀፋዊነት!» ብሎ በስብሰባ አስጨበጨበላቸው።

የገዛ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤም የለ። ስለ እሱ ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ማንስ ደፍሮ ይጠይቃል?

አንድ እሑድ «ዘጌ አድርሰኝ» አሉኝና በጀልባ ተሻገርን። ለካ ለጠፈርተኞቹ ጧፍ ሊያስገቡ ኖሯል! እግዜር የለም ለሚሉ ሰዎች፣ ያውም ዘጌ ገዳም! ሳቄን ዋጥሁት።

ጧፉን ለቄሰ ገበዙ ሰጥተው «በሰላም እንዲመለሱ ነው፤ ሁለት ናቸው» አሏቸው።

«የክርስትና ስማቸውን ይንገሩኛ፤ ማን ብዬ ልጸልይ?»

የጠፈርተኞቹን ስም እስከ አባታቸው የሚያነበንቡት ሰውዬ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«ገብረ ማርያም» አሉ በመጨረሻ።

«የሁለተኛውስ?»

«አንድ ነው ያለኝ፣ አባቴ።»