ሰው የሌለበት ኬላ

መንግሥት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጥመው ነገር ምን ይመስላችኋል? እኔን ከጠየቃችሁኝ መንገድ ነው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ከብስራተ ገብርኤል ተነስቶ ወሊሶ ለመሄድ የአውቶብስ ወንበር ማግኘት ብቻ ይበቃ ነበር። ቀበሌ ደጅ ጠንቶ፣ ለምን ትሄዳለህ፣ ማን ጋ ታድራለህ እየተባሉ የይለፍ ወረቀት መለመን ቀርቷል። ከእኛ ውስጥ ግን ቀርቷል ወይ? እሱን እንግዲህ ስሙኝ።

የግቢያችን ሰው እትዬ ዘውዴ ወሊሶ የሚኖር ታናሽ ወንድም አላቸው። እንደ ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ልየው ብለው ቢለምኑ ቀበሌው ስለከለከላቸው ዓይኑን ካዩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሕመሙ ጸንቶበታል፣ ስምሽን ይጠራል፣ ቶሎ ድረሺ የሚል መልእክት መጣ። ብቻቸውን መስደድ ከብዶኝ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ጭንቅ ላይ ነበሩ፤ ግን በመስኮት ሲያዩ ፊታቸው ትንሽ ፈካ።

"እንዲሁ ዝም ተብሎ ይኬዳል ማለት ነው?" አሉኝ።

ይኬዳል አልኳቸው።

የጀሞን ማሳ አለፍ እንዳልን የድሮው ኬላ ጋ ደረስን። ገመዱ ተነስቷል፣ የጠባቂዎቹ ቆርቆሮ ቤት ዘሟል። ሾፌሩ ግን አቆመ። ማንም አላዘዘውም። እኛንም ማንም ሳያዘን ወረድን፤ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ፣ ጓዛችንን ፈትተን፣ እጃችንን ወደ ላይ። መነጽር ያደረግሁት፣ ተማርኩ ባዩ እኔም ጭምር። ያካፋል። ቆምን።

ከቆርቆሮው ቤት አንድ ገበሬ ጥጃ እየሳበ ወጣ። ተሰልፈን ሲያየን ጥጃውን ለቆ እሱም እጁን አነሳ።

"ጥጃዬን ከዝናብ ላስጠልል ብዬ ነው እንጂ እኔ የለሁበትም" አለ።

ጠባቂዎቹ የት ሄዱ ብንለው፣ አምና እንጂ ዘንድሮ አንድም አላየሁም አለን። ታዲያ ተሳፈሩ አትሉም? አልተሳፈርንም። አንዱ ምሳ ሄደው ይሆናል አለ። ሌላው ከቁጥቋጦው ውስጥ ሆነው እየፈተኑን እንደሆነ ጠረጠረ። ሾፌሩ ደግሞ፣ ከፊት ሌላ ኬላ ቢኖርና ሳትፈተሽ ማን አሳለፈህ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ካፊያው አባርቶ፣ ፀሐይዋ ወጥታ ካናታችን ዘወር እስክትል ተገተርን።

"ልጄ፣ ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው" አሉት እትዬ ዘውዴ።

"ገብቶኛል እናቴ። ግን ማን ሂድ አለኝ?"

እትዬ ዘውዴ የሴቶቹን ሰልፍ ትተው ሄዱና ጠባቂው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በማላውቀው ድምፅ፣ "ምን ትገተራላችሁ? ግቡ። አንተም ንዳ" አሉ።

እየተጋፋን ገባን። ሾፌሩ "እሺ ጓድ" አለና አስነሳ። በዚያን ሰዓት የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወሊሶ ስንደርስ ለቅሶው ከመንገድ ይሰማል። ገና መሞቱ ነው፤ ገላው አልቀዘቀዘም። እስከ መጨረሻው በሩን እያየ፣ መጣች ወይ ይል ነበር አሉን። እትዬ ዘውዴ አልጮኹም። እግሩ ሥር ተቀምጠው እግሩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

አንድ ሽማግሌ ምነው ዘገያችሁ ብለው ጠየቁ።

"ኬላ አቆየን" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንድም የገረመው የለም። እነዚህ ሰዎች ዛሬም አልተዉንም እያሉ ሽማግሌው ተራገሙ። እኔ ኬላው ላይ ሰው እንዳልነበረ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ታዲያ ማን አስቆማችሁ ይሉኛል። መልሼ ዘጋሁት።