የጋሽ ወርቁ ንግግርና የወታደሩ ቤት ዶሮ

በዓል በደረሰ ቁጥር ለወታደር ቤተሰብ ንግግር የሚያደርግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከትውልድ መንደሬ ርቄ በምኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ አለን፤ ጋሽ ወርቁ። በየስብሰባው «የወታደር ቤተሰብ የእኛም ቤተሰብ ነው!» ሲሉ ጭብጨባው ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ይሰማል።

በፋሲካ ዋዜማ፣ ባሏ ድንበር የተመደበባት ጎረቤቴ ሰናይት ዶሮዋን ታቅፋ የጋሽ ወርቁን በር አንኳኳች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። በእኛ ልማድ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው፤ ልጆቿ ደግሞ ጾሙን ሙሉ ይህችን ቀን ሲጠብቁ ከርመዋል።

«ጋሼ፣ ይባርኩልኝ።»

«ልጄ፣ የወታደር ቤተሰብ ማለት...»

«ንግግሩ ለስብሰባ ይቆየንና ቢላዋውን ይያዙ!» አልኳቸው። በሕማማት መቆጣት ኃጢአት መሆኑን አልረሳሁም፤ ግን እየመሸ ነበር።

ይኼኔ ከጓዳቸው አውራ ዶሮ ጮኸ። ሚስታቸውም ተከተለች፦ «ምን ይይዛል! የእኛንስ በየበዓሉ የሚያርድልን የእሷ ባል አልነበር?»

ጋሽ ወርቁ እጅጌያቸውን ሰብስበው አማተቡና ሁለቱንም አረዱ፤ መጀመሪያ የሰናይትን።

በማግስቱ ባሏ ደውሎ ዶሮውን ማን እንደባረከላት ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ልጆቹ በዓሉ በዓል የመሰላቸው ያን ሳቅ ሲሰሙ ነው።