ሄርማታ ያለችው የቅድመ አያቴ ቤት

ሰው ቤት ሠራ እንላለን እንጂ የጭቃ ቤት ተሠርቶ አያልቅም። ክረምት የላጠውን መስከረም ላይ ካልመረጉለት፣ እንደተቀየመ ዘመድ ፊቱን አዙሮ ይፈርሳል። የታሪክ ዲግሪ አለኝ፤ ይህን ግን ያስተማረኝ ዲግሪዬ አይደለም።

ሄርማታ ገበያ ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሠሯት ቅድመ አያቴ ናቸው። ጅማ የራሷ ንጉሥ በነበራት ዘመን ከጎጃም በቅሎ እየነዱ መጡ፤ ቡናውም ሰዉም ተስማማቸውና ቀሩ። ቤቷ ለአያቴ ደረሰች። ደርግ ቤት ሲቆጥር ግን አያቴ ቡና ሊገዙ ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሰርቦ ሄደው፣ እዚያ በነበረቻቸው አንዲት ክፍል ተኝተው ተገኙ። መኖሪያቸው ሰርቦ ነው ተብሎ ተመዘገበ። የሄርማታዋ "ትርፍ ቤት" ተባለችና ቀበሌው ለአናጢው ለአባ ቢያ አከራያት። አያቴ በዚያው ቂም አረፉ። እኔም ቂሙን ወረስኩ፤ ሌላ የሚወረስ አልነበረማ።

ዘንድሮ መስከረም ቅርስ መዝጋቢዎች መጡ። በመዝገቡ ላይ የአንድ ባለቤት ስም ይሰፍራል፣ ሰፈሩም ይመሰክራል ተባለ። የአያቴን ስም የማስመልስበት ቀን ደረሰ ብዬ፣ የድሮ የግብር ደረሰኞች በፌስታል ይዤ አባ ቢያ ዛሬም ወደሚኖሩባት ቤት ሄድኩ። ለካ የምርጊት ቀን ነው። ጎረቤቱ ለደቦ ወጥቶ፣ ጭዱ ጭቃው ላይ ተበትኖ፣ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። በእኛ ሰፈር ልማድ ጭቃውን ቀድሞ የሚረግጠው የቤቱ ባለቤት ነው።

"ምሁሩ፣ ወረቀትህ ግድግዳ ይመርጋል እንዴ?" አሉኝ የአባ ቢያ ጎረቤት አዴ ዘይነባ። ሰዉ ሳቀ።

መዝጋቢዋ ቤቱ የማን እንደሆነ ስትጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ "የአባ ቢያ!" አለ። ምን ትላላችሁ? ምስጥ የበላውን ማገር የቀየሩት፣ በየዓመቱ ጭቃውን የረገጡት እሳቸው ናቸው። እኛማ ተቀይመን በዚያ መንገድ ማለፍ እንኳ ትተን ነበር።

አባ ቢያ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃው ዳር ቆሙ።

"እኔ የመረግሁት ላይ ላዩን ነው ልጄ፣" አሏት። "ከሥር ያለው የእነዚህ ሰዎች ጭቃ ነው። የአያቱን ስም ጻፊ።"

ጻፈች። ሃምሳ ዓመት ያሳደግነውን ቂም በአንድ አፍታ ወረሱብኝ፤ ካሳ እንኳ የለውም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ ጠሩኝ። "ኮቱ፣ ና ልጄ። ጫማህን አውልቅ።"

እስከ ባቴ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ አባ ቢያ በረንዳው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

"ጠበቅ አድርገህ ርገጥ እንጂ፣" አሉኝ፤ "የሰው ቤት እኮ አይደለም።"