መንደርደሪያው ላይ ያየሁት ጥጃ

ዛሬ ጠዋት፣ ልጄና የልጅ ልጄ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ድምፁ ከተራራው ጀርባ መሰማት ሲጀምር፣ መንደርደሪያው ላይ ጥጃ አየሁ።

ቡናማ ጥጃ! አንገቱን ደፍቶ፣ ምንም ሳይመስለው፣ እየለቃቀመ!



ቀጥሎ ያደረግኩትን ከሰው ሳይሆን ከራሴ ስሙኝ። ጂንካ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ እስካሁን የሰማችሁም አትጠፉም። "አንዲት እብድ ሴትዮ" የተባለችው እኔ ነኝ። እብድ አይደለሁም። ማለቴ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት አልነበርኩም!

(ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ፤ ለዛሬ ያጠፋሁት ይበቃኛል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትዕግስት አዲስ አበባ ነው ያለችው። ወልዳ፣ ልጁ ጠንከር ሲል "እማዬ፣ ላሳይሽ እመጣለሁ፣ በአውሮፕላን" አለችኝ።

"በመኪና ብትመጪስ?" አልኳት።

"ሕፃን አቅፌ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ? እማዬ ደግሞ!"

እውነቷን ነው። እኔ ግን እግሩ መሬት የሚነካ ነገር ካልሆነ አላምንም። ከትናንት ጀምሮ እህል ከአፌ አልገባም። ዛሬም ስጣደፍ መነጽሬን ቤት ረሳሁት። ይህቺን መነጽር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ተቀባይ የሚቆምበት ቦታ አለ፣ አውቃለሁ። ሹፌሮችና አስጎብኚዎች የቱሪስት ስም ጽፈው ይዘው ቆመዋል። ሰው የመሰለ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚጠብቀው።

እኔ ግን ጎማው መሬት ሲነካ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ፣ አጥሩን ይዤ በውጭ በውጭ ዞርኩ።

ጥጃውን ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን የድሮውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል፣ ሣሩ ሜዳ ላይ ነበር። ቤቴ ሜዳው ዳር ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ከብት ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ገበያተኛው ሸክሙን ይዞ በመሃል ያቋርጣል። አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ይጮሃል። ያኔ ሁላችንም እንወጣለን! ከብት ያለው ከብቱን፣ ልጅ ያለው ልጁን ይሰበስባል። ፊትህ ያገኘሃትን ላም የማንም ትሁን ታባርራለህ። "የማን ናት?" የሚባለው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ የኔ ናት።

ቦራ የምትባል ላም ነበረችኝ። ሳይረን ስትሰማ መሃል ሜዳ ላይ ትተኛለች! ትዕግስት ያን ጊዜ ልጅ ናት፤ እሷ ጭራዋን፣ እኔ ቀንዷን ይዘን ስንጎትት አውሮፕላኑ አናታችን ላይ ይዞራል። ጎረቤቶቼ "ቦራ ሳትፈትሽ ማንንም አታሳርፍም" እያሉ ያላግጡብኝ ነበር።

እና ዛሬ ያን ጥጃ ሳይ፣ ምን ላድርግ? ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ሳይረንም የለም! ድምፁ እየቀረበ ነው። ልጄ እዚያ ላይ ናት።

ከአጥሩ ስር የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ትልቅ ሰው ይገባበታል ብሎ ማንም አያስብም።

እኔም አላሰብኩም። ገባሁ!

ነጠላዬ ሽቦው ላይ ቀረ። ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ወጥቼ "ሃይ! ሃይ! ውጣ ከዚህ!" እያልኩ ሣሩን አቋርጬ ሮጥኩ። ዱላ አልያዝኩም፤ አንዱን ጫማዬን አውልቄ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩበት።

ጥጃው ቀና አለ።

ቆመ። በሁለት እግሩ!

"ማዘር! ምን እየሰሩ ነው?!" አለ ጥጃው።

ወገኖቼ፣ ሰው ነው! ቡናማ ቱታ የለበሰ፣ ታምሩ የሚባል የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ነው። መሬት መሬት እያየ ጠጠር ይለቅም ነበር፤ ሥራው ነው። ጨርሶ ሊወጣም ነበር።

ወዲያው መኪና መጣ፣ ጥበቃ ወረደ፣ ክንዴን ያዘኝ። ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ አውሮፕላኑ ወርዶ ወርዶ፣ ሆዱ ሊታየኝ ሲል፣ ጓ! ብሎ ተመልሶ ወጣ።

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አልኩ። "ልጄ እኮ እዚያ ውስጥ ናት! ለምን አያርፍም?"

ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ። "በእርስዎ ምክንያት ነዋ ማዘር።"



ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡኝ፤ አንድ እግሬ ባዶ ነው። በመስኮት ስመለከት ታምሩና ሌላ ሰው እያጎነበሱ መንደርደሪያው ላይ ይሄዳሉ። "አሁን ደግሞ ምን ይፈልጋሉ?" አልኩት ጥበቃውን።

"ጫማዎን።"

"ተዉት፣ አሮጌ ነው!"

"ማዘር፣ ጫማው ካልተገኘ አውሮፕላኑ አያርፍም።"

ይህን ስሰማ ተነስቼ በመስኮት "ወደ ግራ! ወደ ግራ ነው የወረወርኩት!" ብዬ ጮህኩ። ጥበቃው ራዲዮውን አንስቶ፣ ፊቱን እንደምንም አጥብቆ፣ "ወደ ግራ ነው ትላለች የጫማው ባለቤት" አለ። አውሮፕላኑን ከሚያናግሩበት ከታወሩ ምን እንደመለሱለት አልገባኝም፤ ሳቅ ግን በየትኛውም ራዲዮ ይገባል።

በዚህ ላይ ደመናው ከአሪ ተራሮች ቀስ እያለ ይወርዳል። "ይሄ ከዘጋ ምን ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩ። "ያው፣ ማረፍ ካልቻለ ይመለሳል" አለኝ።

ይመለሳል! ያቺ ልጅ ሕፃን አቅፋ፣ የእናቷን ቤት ጣሪያ ከላይ አይታ፣ በእናቷ ጫማ ምክንያት ልትመለስ!

ስንት ዓመት ቦራን ረግሜያታለሁ። ዛሬ ቦራ እኔ ሆንኩ። እሷ እንኳ ጫማ አልወረወረችም።

ታምሩ ጫማዬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ። አልሰጠኝም፤ መጀመሪያ ለአለቃው ያሳያል አሉ። "ማዘር፣ በእውነት ጥጃ ነው የመሰልኩዎት?" አለኝ።

"መነጽሬን ረስቼ ነው ልጄ። ደግሞ ቆንጆ ጥጃ ነው የመሰልከኝ።"

ሳቀ። እኔ ስፈራ አፌ አያርፍም፤ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ ታምሩን ስጠይቀው ቆየሁ። ያ ጠጠር ምን ያደርጋል? ሞተሩ ይስበዋል፣ ይጎዳዋል። ያ እንጨት ላይ የተሰቀለው ቀይና ነጭ ከረጢትስ? ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያሳያል፤ አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያርፈው። ያቺ ቀይ መኪናስ ምን ትጠብቃለች? እሳት። ይህን ባልጠየቅኩ!

እንዲህ ነው ለካ! እኛ በሳይረን አንድ ጊዜ ወጥተን እንሠራው የነበረውን ሥራ፣ አሁን አንዱ አጥር፣ አንዱ ታወር፣ አንዱ ጠጠር ለቃሚ፣ አንዱ አሞራ አባራሪ ሆኖ ተከፋፍሎታል።

"ከብት ቢገባ ማነው የሚያባርረው?" አልኩት።

"እኔ ነኛ።"

"እንግዲያው የኔን ሥራ ነው የወሰድከው!"

"እርስዎ ደግሞ ዛሬ የጥጃውን ወስደውብኛል" አለኝ።

የአውሮፕላኑ ድምፅ ተመልሶ መጣ። ታምሩና ጥበቃው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደመናው ተራራው ወገብ ላይ ደርሷል፤ እኔ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በየስማቸው ጠራሁ። አውሮፕላኑ ከደመናው ስር ብቅ አለ፣ ወረደ፣ ወረደ።

ጎማው መሬት ነካ።

ጭስ ቡልቅ አለ! "ተቃጠለ!" ብዬ ብድግ አልኩ። "የጎማው ነው፣ ሁሌም ነው" አለኝ ታምሩ። ተቀመጥኩ። አለቀስኩ።

አለቃው መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ግን ኮስታራ። "እናቴ፣ ሰው ሊያልቅ ይችል ነበር። ሁለተኛ እንዳይደገም" አለኝ። ልክ ነው። ሌሎቹ ሲስቁብኝ ያልተሰማኝ ሀፍረት እዚያ ላይ ተሰማኝ። "አይደገምም ልጄ" አልኩና በአንድ ጫማ ወደ መውጫው ሄድኩ።

ትዕግስት ወጣች። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቷል! ያን ሁሉ ዞሮ ተኝቷል!

"እማዬ አታምኚም!" አለችኝ ገና ሳታቅፈኝ። "ልናርፍ ስንል ተመልሰን ወጣን! ሜዳው ላይ የሆነ ነገር ገብቷል አሉን። እኔ አጠገቤ ላለው ሰውዬ የቦራን ታሪክ እየነገርኩት ሞትን በሳቅ። ምን ይሆን የገባው ግን?"

"እንጃ ልጄ" አልኩ። "ከብት ይሆናል።"

ዓይኗ ቀሚሴ ላይ አረፈ። ከዚያ እግሬ ላይ።

"እማዬ፣ ጫማሽስ?"

አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ ድምፅ መጣ። "ማዘር! ጫማዎ! አለቃ አይቶታል፣ መውሰድ ይችላሉ!"

ታምሩ፣ ከብቴን በላህብኝ!

ትዕግስት ጫማውን አየች፣ ታምሩን አየች፣ እኔን አየች። "አንቺ ነሽ?" አለች። ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስቀመጠችና ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ለካ ሰማይ ላይ ሲዞሩ እሷም ፈርታ ነበር፤ የቦራን ታሪክ ያወራችው ፍርሃቷን ለማስታገስ ነው። ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ።

የልጅ ልጄ ከባድ ነው። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ተመልሶ ተኛ። እንደናቀኝ ነው የቆጠርኩት።

አሁን ንገሩኝ እስቲ፣ ኮሜንት ላይ አትፍሩ። ከብት ማባረር የለመደ እጅ ምን ላይ ይዋል? ደግሞ አየር ማረፊያችን እንዲህ እንዳየሁት እያደገ ከሄደ፣ ኦሞራቴን አልፎ ኬንያ ድረስ የሚበር አንድ ቀን ከዚህ ይነሳ ይሆን? የዚያን ቀን ተቀባይ በሚቆምበት እቆማለሁ። መነጽሬን አድርጌ። ሁለቱንም ጫማዬን አጥብቄ አስሬ።

ነጠላዬ አሁንም አጥሩ ላይ ነው። ያያችሁት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩበት።

እኛ ቤት ነን። ትዕግስት እየበላች ነው፣ ሕፃኑ ጉልበቴ ላይ ነው። ሁላችንም በሰላም ገብተናል።

ላሟም ጭምር።