የጋሼ ጀላሉዲን አውስትራሊያ

ሐበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ ሦስት ሰዎች አይጠፉም፤ እድር የሚያቋቁም፣ ያንኑ እድር የሚያፈርስ፣ እና ቴአትር የጻፈ። ሁለቱን የምታገኟቸው በስብሰባ ቀን ብቻ ነው። ሦስተኛው ግን ራሱ ፈልጎ ያገኛችኋል። ነዳጅ ስትቀዱ፣ ዳቦ ስትገዙ፣ ጥርሳችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ፣ ከብብቱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣና "ሁለት ደቂቃ ብቻ" ይላል። የእሱ ሁለት ደቂቃ ሦስት ገቢር አላት።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1988 ሐበሾች የሰፈሩበት የፌርፋክስ ጎዳና ሦስተኛ ሰው፣ ክቡር ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ ተዋናይና የታክሲ ሾፌር ጋሼ ጀላሉዲን ነበሩ። ይህን ከሳብሪያ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሚድ ሲቲ ውስጥ እሳቸው ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ትኖራለች፤ ቀን ቀን ፒኮ ጎዳና ላይ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ አዲስ አበባ ሳለች ደግሞ ታይፒስት ነበረች። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንድ ቀን ደረጃው ላይ አምልጧት ተናገረች። በማግሥቱ በሯ ተንኳኳ። ጋሼ ጀላሉዲን የአማርኛ ታይፕ እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል።

"ሁለት ደቂቃ ብቻ" አሉ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ።

የአውስትራሊያ ነገር የጀመረው ኤርፖርት ነው። ከሲድኒ የመጣች አንዲት ሴት ታክሲያቸው ውስጥ ገባች፤ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ጋሼም እንደ ልማዳቸው ቴአትር መጻፋቸውን ነገሯት። የአላህ ሥራ ሆኖ ሴትየዋም የቴአትር ሰው ሆና ተገኘች! ሆቴሏ እስክትደርስ ድረስ አስተማረቻቸው። በአገሯ ለብዙ ዘመን መድረኩን ሞልቶት የኖረው ከእንግሊዝ የመጣ ቴአትር ነበር። ኋላ ግን ወጣቶች ተነሡና አሮጌ ፋብሪካ፣ የፈረስ ጋጣ ሳይቀር እየጠረጉ፣ የራሳቸውን ሰው በራሱ አነጋገር መድረክ ላይ ማናገር ጀመሩ። ከሁሉ በላይ ግን ጋሼን ከወንበራቸው ያስፈነጠራቸው ሌላ ነው፤ አዲስ ቴአትር ሲከፈት ጽሑፉ በዚያው ቀን ታትሞ በር ላይ ይጠብቃል። ስትወርድ ከቦርሳዋ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ሰጠቻቸው። መጀመሪያ ላይ የተዋንያኑ ስም፣ ቀጥሎ ቴአትሩ፣ መሐሏ ላይ ሁለት የሽቦ ስፌት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከጋሼ ጀላሉዲን አፍ "አውስትራሊያ ላይ" የማይል ንግግር አልወጣም። ተዋናይ ቢያረፍድ፣ "አውስትራሊያ ላይ እንዲህ የለም።" ሻይ ቢቀዘቅዝ፣ "አውስትራሊያ ላይ እንዲህ የለም።" ልምምዱን በምግብ ቤታቸው ያስጠለሉት እትዬ ሰርካዲስ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ አውስትራሊያን በዓይንህ አይተሃታል?"

"አንቺስ ገነትን አይተሽ ነው ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚላት?"

አዲሱ ቴአትር "የጋራ ግድግዳ" ይባላል፤ ጋሼ እሱም እንደ አውስትራሊያው በመክፈቻው ቀን ታትሞ በር ላይ እንዲጠብቅ ቆርጠዋል። በአንድ አፓርትመንት ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ወዳጆች በፓርኪንግ ቦታ ተጣልተው ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። አንዱ፣ ሽማግሌው፣ መድረኩ ላይ ይታያል፤ ጎረቤቱ ግን ከግድግዳው ጀርባ ነው፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሽማግሌውን ጋሼ ራሳቸው ይጫወታሉ። ጎረቤቱን የሚጫወተው ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ዘሪሁን ነው። ግድግዳው የፍሪጅ ካርቶን ነው።

እትዬ ሰርካዲስ ጽሑፉን አንብበው ተቆጡ። "መጽሐፍ ላይ 'ፓርክ አደረገ' ተብሎ ይጻፋል?"

"ዛሬ ስገባ ምን አልሽኝ?"

"የት ፓርክ አደረግህ ነዋ ያልኩህ።"

"እንግዲያው!"

አሁን መጽሐፉ እንዴት እንደተሠራ በደንብ እንይ፤ ነገሩ እጅግ ደስ ይላል። የአማርኛ ታይፕ ፊደሉን በአንድ ምት አይጨርስም። መጀመሪያ ገላው ይመታል፣ ቀጥሎ እግሩ ወይም ቀለበቱ ለብቻው ይቀጠልለታል። ስለዚህ ሳብሪያ የምትጽፈው ብቻ ሳይሆን የምትገጣጥም ይመስላታል። ቀጥሎ እጥፋቱ አለ። ወረቀቱ መሐል ለመሐል ስለሚታጠፍ፣ አርባ ገጽ በአሥር ወረቀት ያልቃል፤ ግን ገጽ ሁለት ከገጽ ሦስት ጎን አይተኛም። ታዲያ ከማን ጎን ነው? ጋሼ የአውስትራሊያዋን መጽሐፍ ስፌት በጥርሳቸው ፈትተው መልሱን ሲያገኙት፣ ጫማ ሳያደርጉ በካልሲ ደረጃውን ወረዱ።

"ሳብሪያ! አንድ ከአርባ ጋር ነው! ሁለት ከሠላሳ ዘጠኝ! ሁሉም ሲደመር አርባ አንድ! መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ወረቀት ላይ ነው የሚተኛው፣ ልጄ!"

ሳብሪያ ወረቀቱን አጥፋ አየችው። እውነት ነው። ሳታስበው እሷም ጮኸች።

ሆኖም ነገሩ እብደት መሆኑን አልደበቀቻቸውም። "ጋሼ፣ ሰው መጽሐፉን ይዞ ከገባ መጨረሻውን ያውቀዋል። ማን ቁጭ ብሎ ያያል?"

"መጨረሻውን አውቃለሁ ብሎ የሚቀር ሰው ሠርግም አይሄድ!" አሉና ጣታቸውን አነሡ። "ያልታተመ ቴአትር ጎርፍ ነው፤ መጣ፣ አለፈ። የታተመ ግን የጉድጓድ ውኃ ነው፤ የልጅ ልጅ ይቀዳዋል።"

ስለ ጎርፍ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ቴአትራቸው ላይ ዋናው ተዋናይ ጋርዴና ፋብሪካ ፈረቃ ነበረውና፣ በሁለተኛው ገቢር መሐል ሰዓቱን አይቶ ሹልክ አለ። ሁለተኛው ላይ ተመልካቹ በመድረኩ ክርክር ጣልቃ ገብቶ፣ በፖለቲካ ለሁለት ተከፍሎ፣ እየተሰዳደበ ወጣ። ከመጨረሻው ገጽ የደረሰ ቴአትር የላቸውም። ስለዚህ፣ "ይሄ ሦስተኛው ካልደረሰ፣ ወላሂ ሁለተኛ ብዕር አልይዝም" ብለው ማሉ። ሳብሪያ ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ማታ ማታዋ ነጻ ይወጣል። ደስ ግን አላላትም።

ቢሆንም ስሟን ለማስገባት እንቢ አለች። ጋሼ በሁለተኛው ገጽ ከተዋንያኑ ዝርዝር ሥር "ታይፕ ያደረገች፦ ሳብሪያ ኡስማን" ይባል ሲሉ፣ በመላ ፌርፋክስ መሳቂያ መሆን ታያት።

"አውስትራሊያ ላይ የታይፒስት ስም አለ?" አለቻቸው።

መጽሐፏን አገላብጠው ፈለጉ። የለም። "የለም" አሉ፣ እንደ ተሸነፈ ጠበቃ።

አንድ ሌላ ክርክር ቀራቸው። በመጨረሻው ገጽ ሽማግሌው ታሞ፣ ግድግዳውን እየደበደበ "አለህ?" ይላል። ከዚያ በቅንፍ፣ "ጎረቤቱ ዘጠኝ እስኪቆጠር ዝም ይላል።" ከዚያም ጎረቤቱ "አለሁ" ይላል፤ አለቀ።

"ጋሼ፣ ሐበሻ ዘጠኝ እስኪቆጠር ዝም አይልም። ዘሪሁን እንኳ ሦስት ላይ ሲደርስ እንደ ፈረንጆቹ 'ሶ' ይላል።"

"ዝምታው ነው ቴአትሩ" አሉ።

እሁድ በዘጠኝ ሰዓት የእትዬ ሰርካዲስ ጠረጴዛዎች ተገፍተው ሰማንያ ሰው ገባ። ተባዝቶ የተሰፋው ሰማንያ መጽሐፍ በር ላይ አለቀ። ሰው ገና ሳይቀመጥ መጨረሻውን ገልጦ ያይ ጀመር። ያኔ የምግብ ቤቱ ስልክ ጮኸ።

"ጋሼ፣ እንዳትቆጣ። መኪናዋ ግላ፣ ኦቨርሂት አድርጋ ፍሪዌይ ላይ ስታፕ አለች። አትጠብቁኝ" አለ ዘሪሁን፣ ከጀርባው መኪኖች እያፏጩ።

ጋሼ ጀላሉዲን ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "አውስትራሊያ ላይ…" ብለው ጀመሩ። ከዚያ፣ ሳብሪያ ካወቀቻቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይጨርሱት ቀሩ። የለበሱትን የሽማግሌ ጋቢ ከትከሻቸው ማውረድ ያዙ።

ሳብሪያ ወደ አዳራሹ ዞር አለች። ሰማንያ አንገት መጽሐፉ ላይ ተደፍቷል። የካርቶኑን ግድግዳ አየች፤ ከጀርባው ማንም የለም። ተመልሳ ሕዝቡን አየች። ሳታስበው መሐል መድረክ ላይ ቆማ ተገኘች።

"ገጽ ሦስትን አውጡ" አለች። "'ጎረቤቱ' የሚለውን በሙሉ እናንተ ታነባላችሁ። ኦኬ?"

"ምንድን ነው፣ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?" አለ ፈረጅ የሚባል ተመልካች ከኋላ። ግን ገልጦ ነበር።

ጋሼ ጋቢውን መልሰው ደርበው ወደ መድረኩ ገቡ፤ ግድግዳውን በክርናቸው መቱ። "አንተ! መኪናህን ከቦታዬ አንሣ!"

ሰማንያ ሰው ባንድ ድምፅ፣ "ያስላል።"

"ኧረ ቅንፉ አይነበብም! ሳሉ ነው የሚለው!" ሲል ፈረጅ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ሳለ። አንዱ "እኔ ጉንፋን የለብኝም" ብሎ አጉረመረመ፤ ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ተያያዘ። እንዴት ያለ መያያዝ! "ቦታው የእኔ ነው!" የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሉም የየራሱን ፓርኪንግ አስታውሶ በእልህ ተናገረው። እትዬ ሰርካዲስ ያልተጻፈ ስድብ ጨመሩ፤ ጋሼም ያልተጻፈ መልስ ሰጧቸው። ሰዓቱን ያየ የለም። የሸሸ የለም። ሳብሪያ የገጹን መገለጥ በጆሮዋ እየተከተለች፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ አለች።

አርባ።

ጋሼ በእጃቸው መዳፍ ካርቶኑን መቱ። "አለህ?"

ቅንፉን ማንም አላነበበም። ሳብሪያ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት። ሦስት ላይ 'ሶ' የሚል ጠበቀች፤ የለም። አምስት። ስድስት። ሰማንያ ሐበሻ በአንድ ቤት ውስጥ ዝም ብሏል። ዘጠኝ አልፎ አሥራ አንድ ሆነ። ከዚያ ከፊት፣ እትዬ ሰርካዲስ በለሆሳስ "አለሁ" አሉ። ከመስኮቱ ዘንድ ሌላ "አለሁ"። ባንድ ድምፅ መሆኑ ቀረና፣ እያንዳንዱ ዝምታውን ሲጨርስ፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ እንደ ካፊያ ወረደ። ጋሼ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቀሩ።

በሩ ተበረገደ። እጁ በግሪስ የጠቆረ ዘሪሁን ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ "ጋሼ፣ አለሁ! ደረስኩ!" አለ።

የዚያን ቀን ጭብጨባ ከጎን ያለውን ልብስ አጣቢ ምን መጣ ብሎ አስወጥቶታል ይባላል።

በማግሥቱ ጋሼ ጀላሉዲን በካልሲያቸው ወረዱ። "ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሁለተኛው እትም ላይ የተዋንያኑ ዝርዝር ይታረም። አውስትራሊያ ላይ በመጀመሪያው ቀን በእውነት የተጫወተው ነው የሚጻፈው።"

ሳብሪያ ወረቀቱን ከታይፑ አውጥታ ሰጠቻቸው። ገጽ ሁለት አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። "ጎረቤቱ፦ በዕለቱ የነበረ ሁሉ። የመጨረሻዋ 'አለሁ'፦ ዘሪሁን።" ከሥሩም፣ ፊደሉ በጥንቃቄ ተገጣጥሞ፣ "ታይፕ ያደረገች፦ ሳብሪያ ኡስማን።"

ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱ። አፋቸውን ከፈቱ።

"አውስትራሊያ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም" ብላ ቀደመቻቸው። "ፌርፋክስ ላይ ግን አለ።"